ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ አቅጣጫ ቃላት፦ ሰምቶ ለመረዳትና ለመናገር የሚያግዝ መመሪያ

በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ሰው «ፖስትፖን» ማራዘም፣ «ኤክስቲንጉዊሽ» እሳት ማጥፋት፣ «ቶለሬት» መታገስ መሆኑን አያጣውም። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ እንዲህ ያሉ የመጽሐፍ ቃላት ለተማሪው እንግዳ አይሆኑበትም። ይኸው ሰው ሜሪላንድ ወይም ለንደን ሄዶ ሥራ ሲጀምር ግን የሚሰማው ሌላ ነው። ስብሰባ ሲራዘም «ፑት ኦፍ»፣ እሳት ሲጠፋ «ፑት አውት»፣ አስቸጋሪ ደንበኛን መቻል ሲያስፈልግ «ፑት አፕ ዊዝ» ይባላል። ግሡ በሦስቱም ቦታ ያው «ፑት» ነው፤ ትርጉሙን የለያየችው ከኋላ የተከተለችው ትንሽ ቃል ናት።

«አፕ»፣ «ዳውን»፣ «አውት»፣ «ኢን»፣ «ኦፍ»፣ «ኦን»፣ «ኦቨር»፣ «ባክ» እና «አዌይ» መነሻቸው አቅጣጫ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን መንገድ ለማሳየት ብቻ አይጠቀምባቸውም፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ቀጠሮውና ስለ ስሜቱ ሲያወራ ሁሉ ያስገባቸዋል። ከግሥ ጋር ሲጣመሩ የሰዋስው መጻሕፍት «ፍሬዛል ቨርብ» ይሏቸዋል። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱ፣ የፍርድ ቤቱና የትምህርቱ ቋንቋ በፈረንሳይኛና በላቲን ቃላት ተሞላ፤ የቤትና የገበያ ንግግር ግን በአጫጭሮቹ የጥንት ቃላት ቀጠለ። እኛ በትምህርት ቤት አብዝተን የያዝነው የመጀመሪያውን ነው፤ ሰዉ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወራው በሁለተኛው ነው። ዲግሪ ያለው፣ በሙያው የተመሰከረለት ሰው በእነዚህ ቃላት ምክንያት ብቻ «ቋንቋ አይችልም» ተብሎ ወደ ኋላ ሲቀር ማየት ያሳዝናል። ነገሩ መንገድ አለውና ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ እንየው።

ደረጃ 1፦ ትንሿን ቃል እንደ ግሥ ይስሟት

በአማርኛ «እየሮጠ ወጣ» ስንል ዋናው ግሥ «ወጣ» ነው፤ «እየሮጠ» እንዴት እንደወጣ ይነግረናል። እንግሊዝኛ ሥራውን የሚከፋፍለው በተቃራኒው ነው። «ሂ ራን አውት» ሲል ግሡ ሩጫውን ብቻ ይይዝና መውጣቱን ለ«አውት» ይተዋል። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሊዮናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጥናት ይህንን ልዩነት አስረድቷል፦ አንዳንድ ቋንቋዎች የእንቅስቃሴውን መንገድ በግሡ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ እንደ እንግሊዝኛ ያሉት ደግሞ ከግሡ ውጭ በምትቆም ትንሽ ቃል ይገልጹታል።

ስለዚህ አረፍተ ነገሩን ከኋላ ጀምረው ይተርጉሙት። መጀመሪያ ትንሿን ቃል ወደ አማርኛ ግሥ ይመልሱ፣ ከዚያ የፊተኛውን ግሥ «እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያድርጉት። «ዘ በርድ ፍሉ አዌይ» ወፏ በርራ ሄደች ነው። «ዘ ቤቢ ክሮልድ ባክ» ሕፃኑ እየዳኸ ተመለሰ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ «ኢን» ገባ፣ «ዳውን» ወረደ፣ «ባክ» ተመለሰ፣ «አዌይ» ራቀ፣ «ስሩ» አልፎ ወጣ፣ «ኦቨር» ተሻገረ ይሆናል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይጠንቀቁ። የእኛ «ወጣ» ሁለት ነገር ይይዛል፦ ከቤት መውጣትና ተራራ መውጣት። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል፤ ከቤት ሲወጡ «አውት» ነው፣ ደረጃ ሲወጡ «አፕ»። «ወጣ» ብለው ካሰቡ በኋላ «ከውስጥ ነው ወይስ ወደ ላይ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ የየቃሏን ዋና ዋና ጎዳናዎች ይያዙ

የፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር መሸምደድ አያልቅም። እያንዳንዷ ትንሽ ቃል የምትሄድባቸው ጎዳናዎች ግን ጥቂት ናቸው። እነሱን የያዘ ሰው ሰምቶት የማያውቀውንም ጥምረት ብዙ ጊዜ ይገምታል።

«አፕ» ሦስት ጎዳና አላት። የመጀመሪያው መጨመር ነው፦ «ስፒክ አፕ» ጮክ ብለህ ተናገር፣ «ተርን አፕ ዘ ሂት» ማሞቂያውን ጨምር። ሁለተኛው ጨርሶ ማድረግ ነው፦ «ኢት አፕ» በልቶ መጨረስ፣ «ዩዝ አፕ» አሟጦ መጠቀም፣ «ራፕ አፕ» ጉዳዩን መቋጨት። ሦስተኛው ብቅ ማለት ነው፦ «ሾው አፕ» ሰው ሲመጣ፣ «ኢት ኬም አፕ» ነገር ሲነሣ። እኛም ስብሰባ ላይ ጉዳይ «ተነሣ» ስለምንል ይህኛው አይከብድም።

«ዳውን» መቀነስ ናት፤ «ስሎው ዳውን» ፍጥነት ቀንስ፣ «ካልም ዳውን» ተረጋጋ። ከመቀነስ አልፋ መቆምም ትሆናለች፤ መኪና ሲበላሽ «ብሮክ ዳውን»፣ ፋብሪካ ሲዘጋ «ሻት ዳውን» ይባላል። ከዚህ ለየት ያለው «ራይት ዳውን» ነው፤ ወረቀት ላይ ማስፈር ማለት ነው። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት በእንግሊዝኛ ብዙ የሆነና ደስታ ያለው ነገር ላይ ነው፣ ጥቂት የሆነና ኀዘን ያለው ታች ነው። በአማርኛም ዋጋ ይወርዳል፣ ሞራል ይወድቃል፣ መንፈስ ከፍ ይላል። ግማሹን መንገድ ቋንቋዎ አስቀድሞ አስተምሮዎታል። ሁለት አነጋገሮችን ግን ይለዩ፦ «አይም ፊሊንግ ዳውን» ከፍቶኛል ነው፤ ወጣቶች የሚሉት «አይም ዳውን» ግን እስማማለሁ፣ አለሁበት ማለት ነው።

«አውት» ብዙ ሰው ታደናግራለች፤ አንዴ መታየት፣ አንዴ መጥፋት ስለምትሆን። «ዘ ስታርስ አር አውት» ኮከቦቹ ወጥተዋል ነው፤ «ዘ ላይትስ አር አውት» ግን መብራቶቹ ጠፍተዋል። ቁልፉ የነገሩ መነሻ ነው። ከተሸሸገበት ወደ እኛ ዓይን ከወጣ ይታያል፦ «ፋይንድ አውት» ማወቅ፣ «ፊገር አውት» አስቦ መፍትሔውን ማግኘት። ከነበረበት፣ ከእጃችን ከወጣ ደግሞ የለም፦ «ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ» ወተት አልቆብናል፣ «ሶልድ አውት» ተሽጦ አልቋል።

«ኦፍ» መለያየት ናት። ልብስ ከገላ ሲለይ «ቴክ ኦፍ»፣ አውሮፕላን መሬት ሲለቅም «ቴክ ኦፍ»፤ ከሥራ የሚለዩበት ቀን «ዴይ ኦፍ»፤ ከኃይል ምንጩ ሲቋረጥ «ተርን ኦፍ»፤ ፕሮግራም ሲሰረዝ «ኮል ኦፍ» ነው። ለየት የምትለው «ዘ አላርም ወንት ኦፍ» ናት፤ ደወሉ ጠፋ ሳይሆን ጮኸ ማለት ነው። ቦምብ ሲፈነዳም «ወንት ኦፍ» ይባላል።

«ኦን» መቀጠልና መያያዝ ናት፦ «ጎ ኦን» ቀጥል፣ «ፑት ኦን» ልበስ፣ «ተርን ኦን» አብራ። «ባክ» መመለስ፣ «አዌይ» ማራቅ ናቸው፤ ብዙም አያስቸግሩም።

«ኦቨር» ሲጠሯት «ካም ኦቨር» ወደ ቤቴ ብቅ በል ናት፣ ሲጨርሱ «ኢትስ ኦቨር» አበቃ ናት፣ ሥራ ሲያዩ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር መመልከት ናት። አለቃዎ ሰነድ ሰጥቶ «ሉክ ኢት ኦቨር» ካለዎት አይተው ይመርምሩት ማለቱ ነው። «ኦቨርሉክ» ተብላ በአንድ ቃል ስትመጣ ግን ትርጉሟ ይገለበጣል፤ ሳያዩ ማለፍ፣ መዘንጋት ትሆናለች። አንዷን በሌላዋ ቦታ ተክቶ ለአለቃ መልስ መጻፍ ያስወቅሳል።

አንዳንዴ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ቃላት አንድ ነገር ይሆናሉ። ቅጽ መሙላት «ፊል ኢን» ም «ፊል አውት» ም ነው። እዚህ ላይ ልዩነት ፍለጋ አይድከሙ።

ደረጃ 3፦ «ላይ» እና «ታች» የማንን ካርታ እንደሚከተሉ ይለዩ

አዲስ አበባ ውስጥ ላይና ታች የምንለው መሬቱን ተከትለን ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲሄዱ ላይ፣ ወደ ቃሊቲ ሲሄዱ ታች። በእንግሊዝኛ «ኢትስ ዳውን ዘ ስትሪት» ሲባል መንገዱ ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ «እዚሁ መንገድ ላይ ትንሽ እልፍ ብሎ» ማለት ብቻ ነው። ቁልቁለት አይፈልጉ፤ ተናጋሪው እጁን የጠቆመበትን አቅጣጫ ይዩ፣ ካልጠቆመም ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን ይጠይቁ።

ሩቅ አገር ሲነሣ ላይና ታች በካርታ ይወሰናሉ። ሰሜን «አፕ ኖርዝ»፣ ደቡብ «ዳውን ሳውዝ» ነው። ኒውዮርክ ማንሃተን ውስጥ የምድር ባቡር ሲጠብቁ «አፕታውን» የሚለው ወደ ሰሜን፣ «ዳውንታውን» የሚለው ወደ ደቡብ ይወስድዎታል፤ ምልክቱን ሳያዩ ከገቡ ጉዞው ወደ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ግን «ዳውንታውን» አቅጣጫ የለውም፤ የከተማው መሐል ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ክብር ካርታውን ያሸንፈዋል። በባቡር መስመር ወደ ለንደን የሚወስደው ሐዲድ በአብዛኛው «አፕ»፣ ከለንደን የሚያርቀው «ዳውን» ነው፤ ሰሜን ይሁን ደቡብ ለውጥ የለውም። ኦክስፎርድ የገባ ተማሪ «አፕ» ሄደ ይባላል፤ የተባረረው «ሴንት ዳውን» ነው። በአሜሪካ ሜይን ጠረፍ ላይ ደግሞ ወሳኙ ነፋስ ነበር። ከቦስተን ተነሥተው ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄዱ መርከቦች ነፋሱን ከኋላ አድርገው ስለሚጓዙ ጠረፉ «ዳውን ኢስት» ተባለ፤ የአካባቢው ሰው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦስተን ሲሄድ «አፕ» ማለቱ ከዚያ የመጣ ነው።

ለተሳፋሪ የሚጠቅም ሌላ ልምድም አለ። ቆመው ሊራመዱበት የሚችሉት መጓጓዣ «ኦን» ይወስዳል፦ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ መርከብ። ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት «ኢን» ይወስዳል፦ የቤት መኪናና ታክሲ። ፈረስና ብስክሌት ከላይ ስለሚቀመጡባቸው «ኦን» ናቸው። ሲወርዱም ከአውቶቡስ «ጌት ኦፍ»፣ ከመኪና «ጌት አውት» ይላሉ።

ደረጃ 4፦ ቀጠሮ ሲሰሙ ቀኑን በስሙ ይጥሩት

ሰዓት «አት»፣ ቀን «ኦን»፣ ወርና ዓመት «ኢን» ይወስዳሉ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጉዳት የሚያመጡት ቀጥለው የሚመጡት ናቸው።

«አይ ዊል ካም ኢን አን አወር» ከአንድ ሰዓት በኋላ እመጣለሁ ነው። «በአንድ ሰዓት ውስጥ» የሚለውን የሚሸከመው «ዊዝኢን» ነው።

የእኛ «እስከ» ለሁለት ይከፈላል። «ፊኒሽ ኢት ባይ ፍራይደይ» ቢዘገይ ዓርብ ያስረክቡ ማለት ነው፤ ማክሰኞ ቢጨርሱም ይቻላል። «ስቴይ አንቲል ፍራይደይ» ግን እስከ ዓርብ ሳያቋርጡ ይቆዩ ነው። ሁለቱንም «እስከ ዓርብ» ብሎ የሰማ ሰው የማስረከቢያውን ቀን አሳልፎ ሊገኝ ይችላል።

ስብሰባ «ሙቭድ አፕ» ከተባለ ወደዚህ ቀረበ፤ «ፑሽድ ባክ» ከተባለ ተራዘመ። «ሙቭድ ፎርዋርድ» ሲባል ግን ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ሊራ ቦሮዲትስኪን የመሰሉ ተመራማሪዎች «የረቡዑ ስብሰባ በሁለት ቀን ‹ፎርዋርድ› ሆኗል፤ መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ከፊሉ ሰኞ፣ ከፊሉ ዓርብ ይላል። በጊዜ ውስጥ ራሱን እንደሚጓዝ የሚያስብ ዓርብ ይላል፤ ጊዜው ወደ እሱ እንደሚመጣ የሚያስብ ሰኞ። ስለዚህ ቀጠሮ ሲለወጥ «ሶ፣ ኢትስ ኦን መንደይ?» ብለው ቀኑን በስሙ ያረጋግጡ። እንዲህ የሚጠይቅ ሠራተኛ እንደ ጠንቃቃ ይቆጠራል።

ደረጃ 5፦ «ኢት» መሐል ትግባ

«ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ም ትክክል ናቸው። ዕቃው በ«ኢት» ሲተካ ግን ቦታዋ መሐል ብቻ ነው፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» የሚል የለም። በዚሁ መንገድ «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ራይት ኢት ዳውን»፣ «ፊል ኢት አውት» ይባላል። የማይነጣጠሉም አሉ፦ «ሉክ አፍተር ኢት» መንከባከብ፣ «ጌት ኦቨር ኢት» ማለፍና መርሳት፣ «ራን ኢንቱ ሂም» ድንገት ማግኘት። ማምታታት የማይፈልጉ ከሆነ አዲስ ጥምረት ማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ሲያሰፍሩ «ኢት»ን በቦታዋ አስገብተው ይጻፉ። «ፑት ኦፍ» ሳይሆን «ፑት ኢት ኦፍ» ብለው የያዙት አፍዎ ላይ ሲመጣም እንደዚያው ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ጆሮዎን ያሠልጥኑ

በአማርኛ «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ልዩነት የሚያመጣው በጭነት፣ አንዱን ክፍል ከሌላው አጉልቶ በመናገር ነው። «ሉክ አት ኢት» ሲባል የሚጎላው «ሉክ» ነው፤ «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል ግን መጨረሻ ላይ ያለችው «ኦፍ» ትጎላለች። ይኸው ጥምረት ስም ሲሆን ጭነቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ሆቴል ለቅቆ መውጣት «ቼክ አውት» ኋላው ይጎላል፣ የመደብር ሒሳብ መክፈያ «ቼካውት» ፊቱ ይጎላል።

ቃላቱም ተነጣጥለው አይመጡም። በአሜሪካውያን አነጋገር በአናባቢዎች መሐል ያለች «ት» ወደ «ድ» ትለሰልሳለች። ስለዚህ «ፒክ ኢት አፕ» «ፒኪዳፕ»፣ «ፑት ኢት ኦን» «ፑዲዶን»፣ «ጌት አውት ኦፍ ሂር» «ጌዳውዳሂር» ሆነው ይሰማሉ። ተገጣጥመው ሲመጡ ያልገባዎት ቃል ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ነው። የአንድ ደቂቃ ቃለ ምልልስ ደጋግመው ያድምጡ፣ ትንንሾቹን ቃላት ብቻ እየለቀሙ ይጻፉ፣ ከዚያ ጮክ ብለው አገጣጥመው ይናገሯቸው።

ደረጃ 7፦ ለደኅንነትና ለእንጀራ የሚያስፈልጉትን ያስቀድሙ

ሁሉንም እስኪለምዱ እነዚህን አስቀድመው ይያዙ፦

• «ፑል ኦቨር»፦ መኪናውን ዳር አስይዘህ አቁም። ፖሊስ ከኋላ መብራት ሲያበራ ትእዛዙ ይኸው ነው።

• «ሉክ አውት»፣ «ዋች አውት»፦ ተጠንቀቅ! ወደ ውጭ ተመልከት ማለት አይደለም፤ ሲሰሙት ባሉበት ይቁሙ፣ ዙሪያዎን ይዩ።

• «ባክ አፕ»፦ ወደ ኋላ ሽሽ። ለመኪናም ለሰውም ይባላል።

• «ሆልድ ኦን» ስልኩን ሳትዘጋ ጠብቅ፣ «ሀንግ አፕ» ስልኩን ዝጋ። የድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ «ዶንት ሀንግ አፕ» ካለ መስመሩን አይልቀቁ።

• «ስሮው አፕ» ማስመለስ፣ «ፓስ አውት» ራስን ስቶ መውደቅ፣ «ፓስ አዌይ» ማረፍ፣ መሞት። ነርስ ስለ እናትዎ «ዲድ ሺ ፓስ አውት?» ብላ ስትጠይቅ ራሳቸውን ስተው እንደነበር ነው የጠየቀችው። ከ«ፓስ አዌይ» ጋር አምታቶ መመለስም መደንገጥም ያለ ነው።

• «ኮል ኢን ሲክ» ታምሜያለሁ ብሎ ሥራ ቦታ መደወል፣ «ፊል ኢን» ሰውን ተክቶ መሥራት፣ «ሌይ ኦፍ» ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ማሰናበት። «ሌይድ ኦፍ» የተባለ ሰው በጥፋት አልተባረረም፤ ቅጽ ሲሞሉና ስለ ሥራ አጥነት ድጎማ ሲጠይቁ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

• «ድሮፕ ኦፍ» ማድረስ፣ «ፒክ አፕ» መጥቶ መውሰድ። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመላልስ ወላጅና ታክሲ የሚሠራ ሰው ያለ እነዚህ አይውልም።

ደረጃ 8፦ በየሳምንቱ አንድ ትንሽ ቃል ይዘው ይሥሩ

ግሥ እየቆጠሩ ከማጥናት ትንሿን ቃል ይምረጡ። አንድ ሳምንት የ«አፕ»፣ ቀጣዩ የ«አውት» ይሁን። በዚያ ሳምንት ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ዜና ላይ የሰሟትን ሁሉ ከሙሉ አረፍተ ነገሯ ጋር ይመዝግቡ። አጠገቧ በየትኛው ጎዳና እንደሄደች ይጻፉ፦ መጨመር ነው፣ መጨረስ ነው፣ ወይስ ብቅ ማለት? ከየትኛውም የማይገባውን ለብቻው ይያዙት፤ እሱ ብቻ ነው በቃል መጠናት ያለበት።

የሰሙትን በዚያው ዕለት ይናገሩት። ሥራ ባልደረባዎን «ሜይ አይ ሪተርን ዩር ኮል?» ከማለት «ካን አይ ኮል ዩ ባክ?» ይበሉት። ይህ ሲባል የመጽሐፍ ቃላቱን ይጣሉ ማለት አይደለም። ለማመልከቻ፣ ለዩኒቨርሲቲ ጽሑፍና ለሕግ ነክ ደብዳቤ «ፖስትፖን» ከ«ፑት ኦፍ» ይልቅ ያምራል። ሁለቱንም የያዘ ሰው ቢሮም ጓዳም አይቸገርም።

ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ካሉዎት ትንንሾቹን ቃላት ከነሱ ይማሩ፤ ጆሯቸው በዚያ አድጓል። በምላሹ እነሱ የአማርኛውን «በርራ ሄደች»፣ «እየዳኸ ተመለሰ» ከእርስዎ ይልመዱ። ማዕድ ላይ አንዱ በእንግሊዝኛ ሲል ሌላው በአማርኛ እየመለሰ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ከሁሉ በላይ ሳይገባዎት «የስ» አይበሉ። በሆስፒታል፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆምና በሥራ ውል ላይ ባዶ «የስ» ብዙ ሰው ዋጋ አስከፍሏል። «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» ብለው ይጠይቁ፤ የተነገረዎትን በራስዎ ቃል ደግመው «ኢዝ ዛት ራይት?» ይበሉ። የጠየቁት ሰው ትንሿን ቃል ትቶ በሌላ ቃል ያስረዳዎታል፤ እርስዎም የዕለቱን ጉዳይ በትክክል ጨርሰው፣ ለማስታወሻ ደብተርዎ አንድ አዲስ አረፍተ ነገር ይዘው ይሄዳሉ።